ጥሎሽ የሚያመጣው ዝንብ

አሁን የምሠራው ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዘርፍ እጠልፋለሁ፣ የተቀደደ እጥፋለሁ። ባለቤቷ እትዬ ዘይነብ ክር በመርፌ ዓይን ሳስገባ ታየኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ከምንድን ነው የተሠራው?» ትለኛለች። ደንበኛ ካለ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ደንበኛው ሲወጣ ግን፣ «ዝንብ ላይ ነው የተማርኩት» እላታለሁ። ቀልድ እየመሰላት ትስቃለች።

ቀልድ አይደለም። ወደ ስፌት ቤት ከመግባቴ በፊት ሥራዬ ዝንብ መያዝና ዝንብ መለየት ነበር። እትዬ ዘይነብ ቁጭ ብዬ እንዳጫውታት ብዙ ጊዜ ጠይቃኛለች። መናገር አይሆንልኝም፤ ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ የያዝኩት ነገር ይጠፋብኛል። መጻፍ ይሻለኛል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ግን የሚያንሰኝ አይመስለኝም።

ቤታችን ከከተማው ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው። ከግቢያችን ግርጌ ሣሩ አለ፣ ከሣሩ ቀጥሎ ቄጠማው፣ ከቄጠማው ቀጥሎ ውሃው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ አንዱን ክፍል ታከራየው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ላይ ሳጥን እያወረዱ ወደ ግቢያችን ገቡ። አልጋቸው አንድ፣ ወንበራቸው አንድ፣ የቀረው ሁሉ ሳጥን ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ጠየቀቻቸው።

«ዶክተር፣ አይቆጡኝና፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የሙት ልጅ የማሳድግበት ቤት ነው፤ ክፉ ነገር እንዲገባ አልፈልግም።»

«ዝንብ ነው፣ እመት ሐዋ።»

«የሞተ ወይስ ያልሞተ?»

«የሞተ።»

«እሱስ ይሁን» አለች። «ያልሞተውማ እኛም ጋ ሞልቷል።»

ሽማግሌው ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ የአምባሰል ሰው ናቸው። ያደጉት የግሸን መንገደኛ በበራቸው ሲያልፍ እያዩ ነው። ከዚያ ተምረው ብዙ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ደሴ ያለችው ልጃቸው ከእኔ ጋር ይቀመጡ ብላ ስትለምናቸው፣ «መጀመሪያ አንዲት የቀረችኝ ሥራ አለች» ብለው ወደ ሐይቅ መጡ። የቀረቻቸው ሥራ አንዲት ዝንብ ነበረች። ገና መምህር ሳሉ ተማሪዎቻቸውን ይዘው እዚሁ ሐይቅ ዳር መጥተው ያገኟት፣ ከየትኛውም መጽሐፍ ስሟን ያጡላት።

«ዶክተር» ሲባሉ የሰማ ሁሉ በሽተኛውን ይዞ ይመጣ ጀመር። አንድ ሰውዬ ሆዷ የተነፋ ፍየል እየጎተተ መጣ። ጋሼ ከልባቸው አዝነው፣ «ወንድሜ፣ እኔ የዝንብ ዶክተር ነኝ» አሉት።

ሰውዬው ቆም ብሎ አሰበ። «ታዲያ ዝንብ ሲታመም ማን ነው የሚጠራዎት?» አለ።

እሳቸው ይህን ሲያስታውሱ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

እኔ ሥራውን ያገኘሁት በእጄ ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የትራስ ልብስ ስጠልፍ፣ እሳቸው ከክፍላቸው ሆነው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ወጥተው ከአጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቅጠል ንፋስ ሲነካው እንደሚሆነው ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አያቆምም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አየሽው? ይሄ እጅ ሊከዳኝ ነው። ያንቺን ታበድሪኛለሽ?»

ጥልፌን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። «እጇን ይውሰዱ፤ አፏን ግን አይጠብቁ። ይቺ ልጅ እንኳን ለእንግዳ ለኔም አትናገርም።» ከዚያ በኋላ በወሩ መጨረሻ የሚሰጡኝን ለእናቴ እያስረከብኩ ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተማርኩት ወረንጦ አያያዝ ነው። የኛ ዝንብ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። በመርፌ ከወጓት ትበተናለች። ስለዚህ ከጠንካራ ወረቀት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ሹል ጫፉ ላይ የነጥብ ያህል ሙጫ ይደረጋል፤ ዝንቧ በቀኝ ጎኗ ትለጠፋለች፤ መርፌው ወረቀቱን እንጂ እሷን አይነካም። ሙጫው ከበዛ ፀጉሯን ይውጠዋል። ፀጉሯ ከጠፋ ደግሞ ማንነቷ ይጠፋል፤ ዝንብ ከዘመዶቿ የምትለየው ደረቷ ላይ የትኛው ፀጉር የት እንደበቀለ በማየት ጭምር ነውና። ጋሼ የአምባሰልን ዜማ በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ይቆርጣሉ፣ ይቀባሉ፤ ዝንቧን ሊለጥፉ ሲሉ ዜማው ይቆማል። ከተለጠፈች በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔም ሳላውቀው እንደሳቸው ሆንኩ። አሁን እንኳ ክር ሳስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከእያንዳንዷ ዝንብ ሥር በመርፌው ላይ ትንሽ ወረቀት ትሰካለች፤ የተያዘችበት ቦታ፣ ቀንና የያዛት ሰው ስም ይጻፍባታል። እኔ የያዝኳትን የመጀመሪያዋን ሲሰኩ «ሰዓዳ» ብለው ጻፉ። ስሜ እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደስ አለኝ። ትልቅ ሆኖ ቢጻፍ ኖሮ ያሳፍረኝ ነበር።

ከጸባያቸው ሁሉ የማልረሳው አንድ አለ። ጥያቄ ሲጠይቁኝ ፊቴን አያዩም። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣ ወይም ወደ መስኮቱ ዞረው ነው የሚጠይቁኝ። መጀመሪያ ለሥራው የሚያደርጉት መስሎኝ ነበር። ማይክሮስኮፑ ሥር ምንም ሳይኖር ዓይናቸውን ሲተክሉ ባየሁ ጊዜ ነው ለእኔ ብለው እንደሆነ የገባኝ። እንደዚያ ሲሆኑልኝ አፌ ይፈታል።

«ምን አየሽ?» ይላሉ።

«ክንፏ ጥቁር ይመስለኛል።»

«የመሰለሽን ተይው። ያየሽውን ንገሪኝ።»

እንደገና አያለሁ። «ጭስማ ነው። ጫፉ ላይ ይጠቁራል።»

«አሁን አየሽ። አንድ ጊዜ ደግሞ እዪ።»

ሦስት ጊዜ ሳይታይ «አየሁ» አይባልም። ሕጋቸው ነው።

የቀረችው ሥራ ለምን እንደቀረች የነገሩኝ በእንዲህ ያለ ቀን ነው። በሳጥኑ ያሉት ሁሉ ሴቶች ናቸው። የዚህ ወገን ዝንቦች ሴቶቻቸው ከዘመዶቻቸው ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሚለየው ወንዱ ነው። ወንዱ ካልተገኘና ጅራቱ ጫፍ ያለው መለያው ካልተነደፈ፣ አዲስ ናት ብሎ የሚጽፍ ሰው ማንም አያምነውም። ወንዱ የሚታየው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ አደይ በሚፈነዳበት ሰሞን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። «ወንዱን ማግኘት አለብኝ» አሉ። «ደግሞም ይሄ እጅ ጨርሶ ሳይከዳኝ።»

ያንን ወንድ ሳላየው ወደድኩት። የዘመዶቹን ጠባይ ከነገሩኝ ወዲያ ማን አይወደውም? የፊት እግሩ መሐሉ ላይ ያበጠ ነው፤ ከዚያ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ያወጣል። ትንሽ ነፍሳት ይይዝና በክሩ ይጠቀልለዋል። ጥቅልሉን ታቅፎ ከጓደኞቹ ጋር ውሃ ላይ ይጨፍራል። ሴቷ ትመጣለች፤ ጥቅልሉን ከተቀበለችው ጋብቻው ሆነ።

ይህን ሐይቁ ዳር ልብስ ለሚያጥቡት ሴቶች ተናገርኩ። ከኔ የማይጠበቅ ነበር። ጎረቤታችን ከድጃ ያጠበችውን ሸሚዝ እንደያዘች ቀረች።

«ጥሎሽ ነዋ» አለች። «ባዶ እጁን ቢመጣስ?»

«አትቀበለውም።»

«ወላሂ፣ እኔን ዝንብ አድርጎ ፈጥሮኝ ቢሆን ያንን ሰውዬ አላገባውም ነበር።»

«ያገባሽው ደግሞ ዝንብ መስሎሽ ነው እንዴ?» አለች ሌላዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር፣ «ሰዓዳ፣ ሙሽራው መጣ?» ሆነ ሰላምታዬ።

የምንይዝበት መሣሪያ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ወደ ዝንቧ አስጠግተው ሌላውን በአፍ ሲመጥጡት ዝንቧ መሐል ካለው ብልቃጥ ትገባለች፤ ወደ አፍ እንዳትመጣ በስስ ጨርቅ የተከለለ ነው። ረመዳን ሲመጣ ጨነቀኝ። እናቴ ሰፈራችን ያሉትን ሼህ እንድጠይቅ ላከችኝ። በር ላይ ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ዝንብ በቱቦ መምጠጥ ጾም ይፈታ እንደሆነ ጠየቅኩ። ሼሁ ቀና ብለው አዩኝ። ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይደርሳቸው ቀርቷል መሰለኝ።

«ትውጪዋለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ አልውጠውም።»

«እንግዲያ አትዋጪው» አሉኝ፤ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ይዘው።

የመጀመሪያውን ወንድ የያዝኩት በዚያው ዓመት አደይ ሲፈነዳ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ አምባሰል ተራሮች ስታዘቀዝቅ፣ ከቄጠማው ጫፍ ውሃው ላይ አንድ ትንሽ ጭስ የመሰለ ነገር ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ጭስ አልነበረም። ውሃው እስከ ጉልበቴ እስኪደርስ ገብቼ መጠጥኩ። ጭፈራው ወዲያው ተበተነ። ብልቃጡ ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ አንዱ ግን የፊት እግሩ ያበጠ ነው።

ጋሼ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። ሦስተኛ ጊዜ ካዩት በኋላ ብቻ፣ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጌታው» አሉ።

እንዳይበሰብስ ከነሴቶቹ በአልኮል ብልቃጥ አስቀመጥነው። በማግስቱ ጋሼ ደሴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፤ ልጃቸው ልትወስዳቸው መጣች። ሲሄዱ፣ «እስክመለስ አትንኪው። አብረን ነው የምንከፍተው» አሉኝ። ያን ሰሞን የክረምቱ መጨረሻ ዝናብ በርትቶ ክፍላቸው ያፈስ ጀመር። ስለዚህ ብልቃጡን ወደ ቤታችን ወስጄ ከመደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

እኛ ቤት በየዓመቱ በዚያ ወቅት ለአባቴ ዱአ ይደረጋል። ሼሆቹና ጎረቤቶቹ ይመጣሉ፤ ቤቱ ቀድሞ ይለቀለቃል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ያለው ዕቃ ሁሉ እየወጣ ይጠራረጋል። እናቴ እኔን ወፍጮ ቤት ልካኝ ብቻዋን ስታጸዳ ብልቃጡን አነሳችው። ሸተታት። ዱአ በሚደረግበት ቤት፣ ሼሆቹ ከሚቀመጡበት ራስጌ፣ አረቄ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይወረውረው ነበር። እናቴ ግን የሰው አደራ አትጥልም። ሌላ ብልቃጥ በፍል ውሃ አጠበች። የጠራ ውሃ በጨርቅ አጥልላ ሞላችበት። ከዚያ ዝንቦቹን አንድ በአንድ በመጥረጊያ ጭራሮ እያወጣች ወደ ውሃው አዛወረቻቸው፤ አንድም አላጎደለችም። አረቄውን ከግቢ ውጭ ደፋችው። ብልቃጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፍና ከመደርደሪያው መለሰችው። ለኔ ለመናገር የሚበቃ ነገር አልመሰላትም፤ በዚያ ቀን ካጸዳችው መቶ ነገር አንዱ ነበር። እኔም ጨርቁን ሳየው፣ እማ እንግዳውን አክብራ ሸፈነችልኝ ብዬ ደስ አለኝ እንጂ አልገለጥኩትም። አትንኪው ተብያለሁ።

ጋሼ ሲመለሱ ብልቃጡን ከነጨርቁ አመጣሁላቸው። እናቴም ተከትላኝ በር ላይ ቆመች። ጨርቁ ሲነሳ ውሃው ነጭ ሆኗል። ክንፎች ለብቻቸው ይንሳፈፋሉ። ከሥሩ እንደ ደለል ያለ ነገር ተቀምጧል።

«አረቄውን ደፍቼ በንጹሕ ውሃ ቀየርኩልዎት፣ ዶክተር» አለች እናቴ፤ ፊቷ በርቷል። «አንድም አልጠፋብኝም።»

ጋሼ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሱት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ክንፎቹም ይንቀጠቀጡ ነበር። አዩት። ደግመው አዩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመት ሐዋ» አሉ። «ብዙ ደከሙ።»

እናቴ ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ አለቀስኩ። ማልቀሴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ልደብቃት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ነገርኳት። ተነስታ ሻሿን አስተካክላ እበራቸው ሄደች።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ዶክተር።»

«ምኑን?» አሉ። «ከነብልቃጡ መንገድ ላይ ቢወረውሩት ማን ይወቅስዎት ነበር? እርስዎ ግን አንድ በአንድ አወጧቸው። እኔ እንኳ ዛሬ በዚህ እጄ አንድ በአንድ ማውጣት አልችልም።»

«አብሽሩ» አለቻቸው። ራሷ ግን አላበሸረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ክፍል አልረገጠችም። ምግብ ሲሆን በኔ ትልካለች፤ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግንቡ ታዞራለች። እናቴ በሕይወቷ የሰው አደራ ያጠፋችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያጠፋችው ደግሞ ልታከብረው ብላ ነው። እሱ ነበር የሚያንገበግባት።

አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነበረብን። ሐኪም የሰጣቸው ኪኒን እጃቸውን ለጥቂት ወር ያዝ አደረገላቸውና ለቀቀው። ጽዋ እንኳ በሁለት እጅ ማንሳት ጀመሩ። ልጃቸው በየሳምንቱ እየደወለች ይምጡ ትላለች። በመጨረሻ፣ አደይ እስኪረግፍ ብቻ ታገሺኝ ብለው ቃል ገቡላት። ያ ማለት ወንዱ በዚህ ዓመት ካልተገኘ ዝንቧ ያለ ስም ትቀራለች ማለት ነው።

እስከዚያው የሳቸውን ሥራ ወደኔ እጅ አዛወሩት። የሌሎች ዝንቦችን ጅራት እየወሰድን ተለማመድን። ጫፉ ተቆርጦ ሳሙና በሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል፤ ሥጋው ሟሙቶ ቅርፊቱ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ከዚያ ይነደፋል። ንድፉ አላስቸገረኝም። ማይክሮስኮፑ ውስጥ የተሰመሩ ትንንሽ ካሬዎች አሉ፤ ጥልፍ ላይ ክር እየቆጠሩ አበባ እንደሚያወጡት፣ በአንዱ ካሬ ያየሁትን ወረቀቱ ላይ ባለው ካሬ አሰፍራለሁ። ያስቸገረኝ ሐፍረቱ ነው። የምነድፈው ነገር ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጋሼ ለሱም መላ አበጁ።

«እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ» አሉ። «አንቺ የምን እንደሆነ አትንገሪኝ። ቅርጹን ብቻ ንገሪኝ።»

«እንደ ማጭድ የታጠፈ» እላለሁ።

«እህ።»

«ከሥሩ ሁለት ጥርስ አለው።»

«ጥርሱ ወዴት ያያል?»

«ወደ ውስጥ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለታችንም ሳናፍር ሥራው ይሠራ ነበር።

ክረምቱ ወጣ፤ አደይ ፈነዳ። በየቀኑ ከአስር በኋላ ወደ ቄጠማው እወርዳለሁ፣ ጋሼ በትራቸውን ይዘው ይከተሉኛል። ውሃው በዚያ ዓመት ሞልቶ አምና የቆምኩበትን ቦታ ውጦታል። ጭፈራ የለም። ከድጃ እንኳ መቀለዷን ተወች። «ሙሽራው ቀረ?» ትልና ከንፈሯን ትመጥጣለች። አደዩ ከዳር ከዳር መርገፍ ጀመረ። የጋሼ ሳጥኖች በገመድ ታሰሩ።

የአባቴ ዱአ ደግሞ ደረሰ። እናቴ የሼሆቹ መቀመጫ ላይ የምታነጥፋትን ነጭ አንሶላ ሐይቁ ላይ አጥባ ከግቢያችን ግርጌ ሣሩ ላይ አሰጣቻት። እኔና ጋሼ ቄጠማው ጋ ቆመን ውሃ ውሃውን እያየን ነበር። ከኋላዬ እናቴ መጣች። ጋሼ ባሉበት ከመጣች ዓመት ሆኗታል። ራቅ ብላ ቆመች።

«ሰዓዳ» አለች ቀስ ብላ። «እነዚያ ያንቺ ሰዎች አንሶላዬ ላይ ናቸው መሰለኝ።»

ዞርን። አንሶላዋ ፀሐዩን ይዛ እንደ ውሃ ታበራለች። ከበላይዋ ያ ጭስ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ውሃ መስላቸው» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው አልወጣም ማለት ይቻላል። በሩጫ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ቀስ። ሰርግ ላይ አይሮጥም።»

ጋሼ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ በጉልበቴ ተጠጋሁ። ነፋስ መጣና የአንሶላዋን ጫፍ አነሳው፤ ጭፈራው ተናጋ። እናቴ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እኔ አልጠጋም» አለች። «የኔ እጅ ለነሱ አይሆንም።»

«እመት ሐዋ» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ እንዳዞሩ፣ እኔን እንደሚያናግሩኝ አድርገው። «ጫፉን ይያዙልኝ። የኔ እጅ ቢይዘው ከነፋሱ ይብሳል።»

እናቴ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ መጥታ ነፋስ በሚያነሳው ጥግ ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘርግታ ጫነችው። ያ ጥግ ላይ አንሶላዋ የተቀደደች ናት፤ መዳፏን በቀዳዳው ላይ እንዳደረገች አየሁ። ጭፈራው ተመለሰ። እናቴ ከዚያ ወዲያ እስከ መግሪብ ድረስ ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ዝንብ ሻሿ ላይ አረፈ፤ ቅንድቧ ላይ አረፈ፤ ዝም አለች። እኔ እየመጠጥኩ፣ ብልቃጥ እየለወጥኩ ሠራሁ። ብዙ ወንድ ያዝን። አንዱ ነጭ ጥቅልሉን እንደታቀፈ ነበር የገባው።

ብልቃጡን ስከድን እናቴ ቀና አለች።

«አረቄው አለበት?»

«አለበት፣ እማ።»

«ብዙ አድርጊበት» አለች።

ጋሼ በትራቸውን ጥለው ሳቁ። እሷም አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። በማግስቱ ምሳ ራሷ ይዛ ገባች።

የዝንብ መግለጫ የሚጻፈው ከራስ ተነስቶ እስከ ጅራት ነው። ራሷ፣ ዓይኗ፣ ቀንዷ፣ ደረቷ፣ እግሯ፣ ክንፏ፣ ሆዷ፤ ቀለሙ፣ ፀጉሩ፣ ቅርጹ። ከዚያ ከቅርብ ዘመዶቿ በምን እንደምትለይ ይጻፋል። እኔ እያየሁ እናገራለሁ፤ ጋሼ በእንግሊዝኛ ይላሉ፤ ደሴ ያለችው ልጃቸው እየመጣች ትጽፍ ነበር። አንዳንድ ቀን አንዲት ፀጉር ላይ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። እኔ ከሰው ጋር ስከራከር የመጀመሪያዬ ነው፤ ወደ መስኮቱ ዞረው ስለሚከራከሩኝ ቻልኩ። አንዳንዴ እሳቸው ትክክል ይሆናሉ፣ አንዳንዴ እኔ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለታችንም ሦስተኛ ጊዜ አላየንም።

ከያዝናቸው ወንዶች አንዱን መረጡ። ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰረው በዚያ በአንዱ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ሙዚየም ይቀመጣል፤ ወደፊት የሚጠራጠር ሰው ሁሉ ሄዶ እሱን ያያል። ጥቅልሉን የታቀፈውን መረጡ። «ባዶ እጁን እንዴት ይሄዳል» አሉ።

ስሙን ለማውጣት ግን ተቸገሩ። የኔን ስም ሊያወጡለት አሰቡ። ሲነግሩኝ ፊቴ ጋለ፤ ስሜ በማላውቃቸው ሰዎች አፍ ሲጠራ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ እምቢ አልኩ። ወደ እናቴ ዞሩ።

«እመት ሐዋ፣ በእርስዎ ስም ላድርገው?»

«ዝንብ ላይ?» አለች። «አላህ ይጠብቀኝ፣ ዶክተር። ከድጃ ከዚህ ሰፈር ታስወጣኛለች።»

በሐይቁ ስም ሆነ።

አደይ ረግፎ ካለቀ በኋላ ጋሼ ወደ ደሴ ወጡ። ሳጥኖቹ ሲጫኑ እናቴ እያንዳንዱን በእጇ ደግፋ አስጫነች። እኔም ሥራዬ አልቆ እትዬ ዘይነብ ጋ ገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጋሼ ደወሉ፤ የዝንቧ ጽሑፍ ታትሞ ወጥቷል፣ ኑ አሉን። ከእናቴ ጋር ደሴ ሄድን። አልጋ ላይ ደገፍ ብለው ጠበቁን። ልጃቸው ገጹን ያዘችላቸው፤ እሳቸው እያነበቡ በአማርኛ ነገሩን። የኔ ንድፍ አለ፤ ከሥሩ ስሜ በትንሹ ተጽፏል። ከዚያ እንዴት እንደተያዘ የሚለው ጋ ደረሱ። ከሐይቁ ዳር፣ ሣር ላይ በተሰጣች ነጭ አንሶላ ላይ ሲጨፍሩ፣ ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ አንሶላዋን በነፋስ ውስጥ ለያዙልን ለእመት ሐዋ ምስጋና ይድረሳቸው፣ ይላል።

እናቴ ስንነሳ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች።

በሚኒባስ ስንመለስ ግማሽ መንገድ መስኮት መስኮቱን ስታይ መጣች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የተቀደደች መሆኗን ጽፈዋል?»

«አልጻፉም፣ እማ።»

«ጨዋ ሰው ናቸው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት አንሶላዋን አጣጥፋ በፌስታል ይዛ ስፌት ቤት ድረስ መጣች። እትዬ ዘይነብ ዘርግታ አየቻትና፣ «እመት ሐዋ፣ ይቺማ አርጅታለች፤ አዲስ አትገዢም?» አለቻት።

«ትርጅ» አለች እናቴ። «መጽሐፍ ላይ ወጥታለች። አንድ ቀን ሰው ላያት ብሎ ቢመጣ ቀዳዳ ላሳየው ነው? ሰዓዳ፣ ጣፊልኝ።»

ከራሷ ከአንሶላዋ ጠርዝ ክር መዝዤ፣ ክሯን በክር ላይ እያሳለፍኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ጣፍኳት። ስጨርስ እናቴ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየቻት። አገላብጣ አየቻት። ሦስተኛ ጊዜ ካየቻት በኋላ፣ «የት ጋ ነበር?» አለችኝ።